ጅማ ፈረንጅ አራዳ ያለችው መጽሐፍ ማከራያ፣ ለልብ ወለድ ወዳጆች

ጅማ ውስጥ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው የምታውቁ ከሆነ ይቺን ቤት ንገሩት። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለች ጠባብ ቤት ናት፣ ከፊት ለፊት ደብተርና እስክርቢቶ ስለሚሸጥ ብዙ ሰው ስቴሽነሪ መስሎት ያልፋታል፣ ውስጥ ግን ግድግዳው ሙሉ አሮጌ የአማርኛ ልብ ወለድ ነው፣ ይከራያልም ይሸጣልም።

እኔን የያዘኝ ዋጋው ሳይሆን መጽሐፎቹ የተደረደሩበት መንገድ ነው። ሌላ ቦታ የፍቅር እዚህ፣ የስለላ እዛ፣ ታሪክ ምናምን ከላይ ነው አይደል? እዚህ ጋሼ (ባለቤቱን ሁላችንም እንደዛ ነው የምንላቸው) በደራሲ ነው የደረደሩት፣ እሱም በታተመበት ዓመት ቅደም ተከተል። መጀመሪያ ቀን የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ ልስብ ስል "ልጄ ከግራ ጀምሪ፣ ከመሀል አትምዘዢ" አሉኝ። እሺ ብዬ የበዓሉ ግርማን ሙሉ መደርደሪያ ከግራ ወደ ቀኝ አነበብኩት፣ እና እውነቴን ነው በተናጠል ያነበበው ሰው የማያየው ነገር አለ።

በዓሉ የዚሁ የምዕራቡ ልጅ ነው፣ ኢሉባቦር ሱጴ ነው የተወለደው፣ ከጅማ በበደሌ በኩል ነው የሚኬደው፣ ስለዚህ እዚህ ከተማ ላይ መደርደሪያው ሙሉ ሆኖ ማግኘት ደስ ይላል። በ1962 በከአድማስ ባሻገር ሲጀምር የፍቅርና የከተማ ኑሮ ልብ ወለድ ነው፣ አበራ ቢሮ የሚሰራ ልቡ ግን ሥዕል ላይ ያለ ሰው ነው። ቀጥሎ በ1966 የህሊና ደወል፣ አስተማሪ ይዞ ወደ ገጠር ይወጣል። አብዮቱ ሲመጣ የቀይ ኮከብ ጥሪ፣ እዛ ላይ የፖለቲካ ልብ ወለድ ሆነ፣ ለኔ ከሁሉም ደካማው እሱ ነው፣ ገጸ ባህርያቱ ከማውራት ይልቅ ንግግር የሚያደርጉበት ቦታ ይበዛል። ከዛ ደግሞ ደራሲው መጣ፣ ስለ ጽሑፍ ስለ ራሱ የተጻፈ ልብ ወለድ፣ ሲራክ የሚባለውን ዋና ሰው የቀረጸው ከስብሐት ገብረእግዚአብሔር ነው። የህሊና ደወልንም እንደገና ሰርቶ ሐዲስ ብሎ አወጣው። በ1975 ደግሞ ኦሮማይ፣ ጦርነትና ስለላ፣ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ የተላከ ጋዜጠኛ፣ ጸጋዬ፣ ከፊያሜታ ጋር የሚይዘው ፍቅር፣ በጎን ደግሞ ሰላይ እየታደነ ነው።

በዘውግ (በልብ ወለድ ዓይነት) ብትከፋፍሏቸው እነዚህ መጻሕፍት በሦስት አራት መደርደሪያ ላይ ይበታተኑ ነበር፣ ግንኙነታቸውም አይታይም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሰውየው ዘውግ ሲቀይር የድሮውን ጥሎ እንዳልሄደ ታያላችሁ፣ ይዞት ነው የሚሄደው። ኦሮማይ ውስጥ ያለው ፍቅር ከመጀመሪያው መጽሐፍ የመጣ ነው፣ ጋዜጠኛውም ከየትም አልመጣም፣ በዓሉ ራሱ የመነን መጽሔትና የአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። ከሁሉም በላይ አንድ ጥያቄ አለ የማይለቀው፣ እንጀራው አንድ ቦታ ህሊናው ሌላ ቦታ የሆነበት ሰው ምን ያርግ የሚል። አበራ ላይ አለ፣ ሲራክ ላይ አለ፣ ጸጋዬ ላይ ደግሞ ጥያቄው ነፍስ ላይ ደረሰ። ኦሮማይ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉ ከስራው ተባረረ፣ በ1976 የካቲት ላይ ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ይሄን እያወቁ ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ ከባድ ነው፣ ግን እንደዛ ነው መነበብ ያለበት።

ከጋሼ ጋር ያወራነው ነገር ደስ ስላለኝ ልንገራችሁ። "ጋሼ እርስዎ ለምን በዘውግ አያረጉትም፣ ተማሪ ቶሎ ያገኝ ነበር" ስላቸው አጋታ ክሪስቲን አነሱልኝ፣ የወንጀል ልብ ወለድ ንግሥቷን። እሷ ወንጀል ያልሆኑትን 6 ልብ ወለዶቿን ሜሪ ዌስትማኮት በሚል የብዕር ስም ነው ያወጣቻቸው፣ ብዙ አንባቢ የአንድ ሰው መሆናቸውን እንኳን ሳያውቅ ዓመታት አለፉ። "የኛዎቹ ግን በስማቸው ነው የጻፉት፣ እኔ ለምን ልለያያቸው" አሉኝ። የሐዲስ ዓለማየሁም እንደዛው ነው የተደረደረው፣ ከተረት መጽሐፋቸው ተነስቶ በፍቅር እስከ መቃብር አርጎ እስከ ትዝታቸው ድረስ።

አከራዩ እንዲህ ነው፣ መያዣ የመጽሐፉን ግማሽ ዋጋ ታስቀምጣላችሁ፣ ስትመልሱ ኪራዩ ተቀንሶ ይመለስላችኋል። ጋሼ ከመስጠታቸው በፊት መጽሐፉን ጀርባው ላይ ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ገጾቹን ያሳልፋሉ፣ የጎደለ ካለ የመጨረሻው ሽፋን ውስጥ በእርሳስ የገጹን ቁጥር ይጽፋሉ፣ ስትመልሱም እሱን አይተው ነው የሚቀበሉት፣ ማንም ያልቀደደውን እንዲከፍል አይደረግም። ፎቶኮፒ የሆነውን ኦሪጅናል ነው ብለው አይሰጡም፣ ይሄ በጣም ትልቅ ነገር ነው፣ ሌላ ከተማ አንድ ቦታ በኦሪጅናል ዋጋ ኮፒ ሽጠውልኝ ፊደሉ ግማሽ ገጽ ላይ የጠፋበት ጊዜ ነበር።

የሚጎድላት ነገር አለ። ኦሮማይ አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው እሱም ሁሌ ሰው እጅ ነው፣ ወረፋ መያዝ አለባችሁ። አዳዲስ ደራሲዎች የሉም ማለት ይቻላል፣ ስለላና ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚጽፉትን ወጣቶች ብትጠይቁ ጋሼ ይጨነቃሉ፣ ከአዲስ አበባ ማስመጣቱ ውድ ሆኗል። መብራት ሲጠፋ ውስጡ ስለሚጨልም በስልክ ነው ርዕስ የሚነበበው። ፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ አለ የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ግን ፒዲኤፉ በተራ አይሰለፍላችሁም፣ ከግራ ጀምሪ የሚላችሁም ሰው የለም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሴሚስተር ሲያልቅ መያዣችሁን ሳትወስዱ አትሂዱ፣ ጋሼ የብዙ ልጅ ብር በስም በስም ፖስታ ውስጥ አስቀምጠው እየጠበቁ ነው። ሐሙስ ገበያ ስለሆነ መንገዱ ይጨናነቃል፣ ሌላ ቀን ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ቁጭ ብላችሁ የምታገላብጡበት አግዳሚ ወንበርም አለ።