እናታችሁን ይዛችሁ ቢግ ሰር ልትሄዱ ከሆነ የምጠቁማችሁ ሾፌር አለኝ

ቤተሰብ ከአገር ቤት መጥቶባችሁ «የት ወስጄ ላዝናናቸው?» እያላችሁ ለምትጨነቁ የሳን ሆዜ፣ የኦክላንድና የአካባቢው ሰዎች ነው የምጽፈው። ቢግ ሰር ከሳን ሆዜ በስተ ደቡብ፣ መንገዱ በተራራና በባሕር መካከል በገደል አፋፍ የሚያልፍበት የካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ነው። ማስታወቂያ አይደለም፣ የተከፈለኝም ነገር የለም። ሾፌሩን ልጽፍልህ ነው ስለው «ስሜን ብቻ እንዳታወጪው» አለኝ። እሺ ብያለሁ።

እናቴ ክረምቱን እኛ ጋ ልታሳልፍ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። መኪና ያስመልሳታል። ገደል ትፈራለች። በዚያ ላይ ፍልሰታ ገብቶ ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን እህል አትቀምስም። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ደውዬ ይህንን ስነግራቸው «ፕሮግራማችን አይቀየርም» አሉኝ። ከዚያ ጓደኛዬ የዚህን ሰው ስልክ ሰጠችኝ። አበሻ ነው፣ በራሱ ቫን ነው የሚሠራው። ዋጋ ከመናገሩ በፊት ስለ እናቴ ጠየቀኝ። ጉልበታቸው እንዴት ነው? ደረጃ ይወጣሉ? ይጾማሉ?

ጠዋት ሲመጣ እናቴ እንደ ልማዷ ጋቢና ልትገባ ስትል «እማማ፣ ሲሄዱ ከኔ ኋላ ይሁኑልኝ፤ ሲመለሱ ጋቢናው የእርስዎ ነው» አላት። ነገሩ የገባኝ መንገዱ ላይ ነው። ወደ ደቡብ ሲነዳ ባሕሩና ገደሉ በቀኝ በኩል ነው፤ ከሾፌሩ ጀርባ የተቀመጠ ሰው በመስኮቱ የሚያየው ተራራውን ነው። ሲመለሱ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል፤ ተራራው በጋቢናው በኩል ይሆናል። እናቴ ሎሚዋን እያሸተተች፣ ገደሉን በደንብ ሳታየው ደረሰች። ስንት ጊዜ ቢመላለስበት ነው ይሄን ያሰበው?

ቀጥታ ወደ ቢግ ሰር አልወሰደንም። ነሐሴ ላይ የዚያ ባሕር ዳርቻ ጠዋት ጠዋት ጉም ነው፤ ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ እርጥበት ያለው አየር ሲያልፍበት ጉም ይሆናል። «አሁን ብንሄድ ቢክስቢ የሚባለውን ትልቅ ድልድይ ሳይሆን ነጭ ነገር ነው የምታዩት» አለና ሞንተሬይ ወደቡ ላይ በእግራችን አንሸራሸረን። እኔ በክፍያ የሚገባበትን 17 ማይል ድራይቭን ማየት ፈልጌ ነበር። «እዚያ የምትከፍዪው ለሀብታም ቤትና ለአንድ ዛፍ ነው» አለኝ። (ዛፉን የምትወዱ ይቅር በሉት።) በምትኩ ፖይንት ሎቦስ የሚባለው የባሕር ዳር የስቴት ፓርክ አስገባን። የመግቢያውን ደረሰኝ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። ለካ በዚያው ቀን ቢግ ሰር ውስጥ ያሉት ሌሎቹ የስቴት ፓርኮችም በዚያው ደረሰኝ ያስገባሉ። ፖይንት ሎቦስ ላይ ኦተሮቹን፣ ባሕር ውስጥ የሚኖሩትን ፀጉራም እንስሳት፣ አየን። በጀርባቸው ተንጋልለው፣ ማዕበል እንዳይወስዳቸው የባሕር ሣር ሰውነታቸው ላይ ጠምጥመው ይተኛሉ። ለፀጉራቸው ሲባል ታድነው ከካሊፎርኒያ ጠፍተዋል ከተባለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ወደ 50 የሚሆኑ ቢክስቢ ድልድይ አካባቢ እንደተገኙ የነገረን እሱ ነው።

ቢክስቢ ስንደርስ ጉሙ ተገልጦ ነበር። ድልድዩ ጋ ግን ግርግር ነው፤ ሰው መኪናውን አስፋልቱ ላይ ገትሮ ፎቶ ይነሳል። አቁምልኝ ብለው እምቢ አለኝ። ትንሽ ከፍ ብሎ ሃሪኬን ፖይንት የሚባል መቆሚያ ላይ አወጣን። ከዚያ ላይ ድልድዩ ከነባሕሩ ወለል ብሎ ይታያል፤ ነፋሱ ግን ነጠላ ይነጥቃል። እናቴ ወርዳ አየችው። «ይሄን ማን ደፍሮ ሠራው?» አለች። ድልድዩ በ1932 አለቀ፤ ከፍታው ወደ 80 ሜትር ነው። ሙሉ መንገዱ ከ1919 ጀምሮ ተሠርቶ የተከፈተው በ1937 ነው። ጉልበቱ በከፊል የሳን ክዌንቲን እስር ቤት እስረኞች ጉልበት ነበር፤ በቀን 35 ሳንቲም ይከፈላቸዋል፣ ከእስራታቸውም ይቀነስላቸዋል። እናቴ ይሄን ስትሰማ መንገዱን በመስቀል ምልክት አማተበችበት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ፋይፈር ቢግ ሰር ፓርክ ውስጥ ሬድዉድ ዛፎች ሥር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ነበር። ቀድሞ አስልቶት ነው። ሽሮና ጎመናችንን ዘረጋን፤ እሱ ከመኪናው ፔርሙስ ሻይ አመጣ። እናቴ በግድ አጎረሰችው።

ከዚያ ትንሽ እንደሄድን መኪናውን ዳር አስይዞ ወደ ሰማይ አመለከተ። ኮንዶር! ክንፉን ሲዘረጋ ወደ ሦስት ሜትር ይጠጋል። እናቴ ቀና ብላ «ጥንብ አንሳ ነው እኮ! ይሄማ ቄራ ሞልቷል» አለች። ክንፉ ላይ ቁጥር እንዳለው በባይኖኩላር ሲያሳያት ደግሞ «ታርጋም አለው እንዴ!» ብላ ሳቀች። ቀልድ አይደለም። ዝርያቸው ሊጠፋ ሲል በ1987 የመጨረሻዎቹ ከዱር ተይዘው፣ ተራብተው፣ ቢግ ሰር አካባቢ የተለቀቁት ከ1997 ጀምሮ ነው። ቁጥሩም ለክትትል ነው።

የመጨረሻው ማክዌይ ፏፏቴ ነበር። ከ24 ሜትር ላይ ቀጥታ አሸዋው ላይ ይወርዳል፤ ወደ አሸዋው መውረድ ክልክል ነው፣ ከላይ ሆኖ ነው የሚታየው። መንገዱ አጭርና ለጉልበት ቀላል ነው። ስንመለስ እናቴ ቃል የተገባላትን ጋቢና ያዘች። እሱን ስትመርቅ መጥታ፣ ካርሜል ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳት።

እንከኑንም ልናገር። መኪናው አዲስ አይደለም፤ የኋላው ኤሲ ደከም ይላል። ወሬም ይወዳል፤ ዝምታ የምትፈልጉ ቀድማችሁ ንገሩት። ዋጋው ግን በስልክ የተስማማነው ሆኖ ቀረ። ነዳጅ፣ ፓርኪንግ ብሎ የጨመረው ነገር የለም። ነዳጁን ካርሜል ሳንወጣ ሞልቶ ነበር፤ ቢግ ሰር ውስጥ ውድ ነው።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስለሚያገለግል አይሠራም። ቅዳሜም ቶሎ ይያዝበታል፤ የሥራ ቀን ከተመቻችሁ እሱ ይሻላል፣ መንገዱም ሰው አይበዛበትም። ከመሄዳችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን እሱም ያያል፣ እናንተም እዩ። በ2017 ማድ ክሪክ ላይ የወረደው ናዳ መንገዱን እስከ 2018 ሐምሌ ዘግቶት ነበር። ከካርሜል በኋላ ኔትወርክ ብዙ ቦታ ስለሌለ ለቤት የምትደውሉትን ቀድማችሁ ደውሉ። ስልኩን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሱን አስፈቅጄ እልካለሁ። ስትደውሉለት «የዚያች ታርጋ ያሏት እናት ልጅ ነች የሰጠችን» በሉት፣ ወዲያው ያውቃል።