ሳትገዙ በፊት አስመርምሩ፦ ለኮምፒውተር ባለሙያዋ እህታችን ምስጋና

መገናኛ አካባቢ በጠባብ ሱቅ ውስጥ ለምትሠራ አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ይህን ምስጋና የምናቀርበው በአንድ የሂሳብ ሥራ ቢሮ ውስጥ የምንሠራ ባልደረቦች ነን። አራት ላፕቶፕ ይዘን «አዲስ እንግዛ፣ ያሉትን እናሻሽል ወይስ ዋጋ እስኪወርድ እንጠብቅ?» ብለን ሄድን። እህታችን ላፕቶፕ ትሸጣለች። አራቱንም ቀይሩ ብትለን የምንከራከርበት እውቀት አልነበረንም። እሷ ግን የሸጠችልን አንድ ብቻ ነው። የሦስቱን ችግር ፈልጋ አግኝታ፣ ያገኘችውን በወረቀት ጽፋ ሰጠችን። እጇ ይባረክ!

ስሟን እዚህ እንዳንጽፍ ስለለመነችን አንጽፍም። አሠራሯን ግን በዝርዝር እናስቀምጣለን፤ እሷ ጋ መድረስ ያልቻለም ሰው እንዲጠቀምበት።

ካቻቢቴ ከማንሳቷ በፊት በየቀኑ የምንሠራበትን ሁሉ በአንድ ጊዜ አስከፈተችን፦ ፒችትሪ (የሂሳብ ፕሮግራማችን)፣ ሁለት ትልልቅ የኤክሴል ፋይሎች፣ አሥር ያህል የብሮውዘር ታቦች፣ ቴሌግራም። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭና ማሽኑ በምን እንደተጠመደ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን አወጣች። ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተጣብቆ ሜሞሪው (ራሙ) ግማሽ ከሆነ ችግሩ ዲስኩ ጋ ነው። ሜሞሪው ከ85 ፐርሰንት በላይ ወጥቶ ዲስኩም አብሮት የሚሯሯጥ ከሆነ ራም አንሷል፤ ዊንዶውስ የጎደለውን ራም በዲስክ እየሸፈነ ነው። ሲፒዩው (የማሽኑ አንጎል) ደግሞ 100 ፐርሰንት እየሠራ ፍጥነቱ ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ከወረደ የሚጠረጠረው ሙቀት ወይም ቻርጀር ነው። ይህን ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ላፕቶፕ ለመቀየር የወሰነ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ሊያየው ይገባል።

በጣም የገረመን የዴል ላቲቱድ 7490ው ነገር ነው። 8ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ኮር አይ ፋይቭ ሲፒዩ፣ 16 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ (የሚዞር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ያለው ማሽን ሆኖ ኤክሴል ለመክፈት ያቃስት ነበር። ሌላ ሱቅ «ማዘርቦርዱ አልቋል» ብሎን ነበር። እህታችን የሲፒዩውን ፍጥነት አየች፤ ግማሽ ጊጋኸርዝ እንኳ አይሞላም። ቻርጀሩን ነቀለችው፣ ማሽኑ ወዲያው ፈጠነ። መልሳ ሰካችው፣ እንደገና ተኛ። የዴል ቻርጀር መሃሉ ላይ ቀጭን ፒን አለው፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ሳይሆን ቻርጀሩ ስንት ዋት እንደሆነ ለላፕቶፑ የሚናገር ነው። ቻርጀሩ ፎርጅድ ከሆነ ወይም ፒኑ ከተጣመመ ላፕቶፑ አያውቀውም፤ ስለዚህ ባትሪውን መሙላት ያቆምና የሲፒዩውን ፍጥነት ዝቅ ያደርጋል። ሲነሳ ስለ አዳፕተሩ የማስጠንቀቂያ ጽሁፍ ያወጣል፣ እኛ ግን ሳናነብ እንተር ተጭነን እናልፈው ነበር። ለማረጋገጥ ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ2ን ተጭኖ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ መግባትና የአዳፕተሩን ዓይነት ማየት ነው፤ 65 ዋት ማለት ሲገባው የማይታወቅ ብሎ ከጻፈ ነገሩ አለቀ። መፍትሔው ኦሪጅናል ባለ 19.5 ቮልት፣ 65 ዋት ቻርጀር ብቻ ሆነ። ቻርጀሩ ተቀይሮም ካላወቀው በላፕቶፑ በኩል ያለው መሰኪያ ተጎድቷል ማለት ነው፤ እሱም ለብቻው የሚቀየር ዕቃ ነው።

ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5ቱ የራም እጥረት ነበረበት። ታስክ ማናጀር የሜሞሪ ገጽ ላይ ከሁለት ማስገቢያ አንዱ ብቻ እንደተያዘ ያሳያል፤ አንድ 8 ጊጋ ነበረው፣ ሌላ 8 ጊጋ ተጨመረለት። እዚህ ላይ ያስተማረችን ነገር፦ ማሽኑ የሚወስደው ዲዲአር4 የሚባለውን የላፕቶፕ ራም ነው፤ የቀድሞው ዲዲአር3 ቁርጡ ሌላ ቦታ ስለሆነ አይገባም፣ በጉልበትም መሞከር የለበትም። 3200 ፍጥነት ያለው ራም ቢገባ ይሠራል፣ ግን በማሽኑ 2400 ነው የሚሮጠው፤ ስለዚህ ለፍጥነቱ ተብሎ ተጨማሪ ብር አይከፈልም። ከአንድ ባለ 16 ይልቅ ሁለት ባለ 8 የሚመረጠው ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ነው፤ የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ የስክሪኑን ሥራ የሚሠራው ከራሙ ተበድሮ ስለሆነ ልዩነቱ ይታያል።

ራም ሲጨመር ቻርጀር መንቀል አይበቃም፤ የውስጡ ባትሪ ገመድም መላቀቅ አለበት። ራሙ ሰያፍ ሆኖ ይገባና ወደ ታች ሲጫኑት ሁለቱ ጎን መያዣዎች ቀጭ ብለው ይይዙታል። መጀመሪያ ሲነሳ ስክሪኑ እስከ አንድ ደቂቃ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል፣ አዲሱን ራም እየለካ ነው፣ አታጥፉት። የካፕስ ሎክ መብራቱ ደጋግሞ ብልጭ ካለ ግን ራሙ በደንብ አልተቀመጠም። እሷ በዚህ አላበቃችም፤ ማሽኑን ሌሊቱን ሙሉ ራም በሚመረምረው ሜምቴስት አሳድራ፣ አንድም ስህተት እንደሌለው አይታ ነው ያስረከበችን። ፋኑንም ጠርጋ ቴርማል ፔስቱን (የሲፒዩውን ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) ቀይራዋለች።

ሌላው ኤሊትቡክ፣ 840 ጂ3ው፣ የተለየ ምክር ያስፈልገው ነበር። ሃርድ ዲስኩ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር አሮጌ ነው፤ ዊንዶውስ የሚያነባቸው በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ስለሆኑ የዲስኩ መርፌ ከቦታ ቦታ ሲሮጥ ጊዜው ያልቃል። ኤስኤስዲ የሚሮጥ መርፌ የለውም። ግን ሲፒዩው አይ5-6300ዩ ነው፣ 6ኛ ጀነሬሽን። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፤ ተመዝግቦ የሚገኘው ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያም ለግለሰብ ተጠቃሚ የታወጀው እስከ ጥቅምት 2019 መጀመሪያ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በስተቀር የሚቀበለው ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው። በአቋራጭ የሚጭኑ አሉ፣ ይሠራልም፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንደዚህ ዓይነቱ ማሽን ማሻሻያ ለመላክ ዋስትና አይሰጥም። «የደንበኛ ሂሳብ ያለበት ማሽን ላይ ይህን አልሠራም» አለችን። ለዚህ አቋሟ ልዩ አክብሮት አለን።

ስለዚህ ለጂ3ው ከአንድ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ በላይ ምንም እንዳናወጣ መከረችን። ማሽኑ ሲሰናበት ያ ኤስኤስዲ በትንሽ የዩኤስቢ ኬዝ ገብቶ የባክአፕ ዲስክ ይሆናል፤ የወጣው ገንዘብ አብሮ አይጠፋም። ማሽኑ ከኢንተርኔት ተለይቶ የቆዩ ዓመታት ሂሳብ የሚታይበትና የሚታተምበት ሆኗል። ዲስኩን እንዳለ ወደ ኤስኤስዲ እንድትገለብጠው ጠይቀናት ነበር፤ የዲስክ ጤንነት የሚለካው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ቢጫ (ማስጠንቀቂያ) ሲያሳይና ለመነበብ ያስቸገሩ ሴክተሮች እንዳሉ ስታይ እምቢ አለች። እየሞተ ያለ ዲስክ ሙሉ ግልበጣ ላይ ሊቆም ይችላል፣ ሙከራው ራሱም ሊጨርሰው ይችላል። መጀመሪያ የሥራ ፋይሎቹን አወጣች፣ ከዚያ ዊንዶውሱን በአዲስ ጫነች።

አራተኛው ላፕቶፕ ሲፒዩው ሴሌሮን ኤን4020፣ 4 ጊጋ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ፣ ማከማቻውም 64 ጊጋ የሆነ ነበር። ዊንዶውስ 11ን ይቀበላል፣ ግን የሚጨመርለት ነገር የለም። የተተካው እሱ ነው።

አሁን ወደ መጠበቁ ጉዳይ። ብዙ ሰው አዲስ ጀነሬሽን ሲወጣ የቀድሞው ይረክሳል ብሎ ይጠብቃል። እዚህ ገበያችን ላይ ያለው አብዛኛው ስላይትሊ ዩዝድ ላፕቶፕ ግን ውጭ ያሉ ድርጅቶች ተጠቅመው የሚያሰናብቱት ነው፤ ዛሬ የተመረቀ ሲፒዩ እኛ ጋ የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ዋጋውን የሚወስነው በዋናነት ምንዛሬው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በቀናት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ያኔ «ትንሽ ልጠብቅ» ያለ ሰው የደረሰበትን ሁላችንም እናውቃለን። የራምና የኤስኤስዲም ዋጋ ከፈረንጆቹ 2025 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ገበያ ወጥቷል፣ ምክንያቱም አምራቾቹ ምርታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት እያዞሩ ነው። የራም አምራቹ ማይክሮን ክሩሻል በሚል ስም ለተራ ተጠቃሚ ይሸጥ የነበረውን ሥራ እንደሚያቆም ኅዳር 24 ቀን 2018 ማስታወቁም ከዚሁ የመጣ ነው። ስለዚህ ራም መጨመር ያለበት ማሽን ካላችሁ ይህ የሚዘገይ ጉዳይ አይደለም።

መጠበቅ ተገቢ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ማሽናችሁ 8ኛ ጀነሬሽን ከሆነና በምርመራው የዲስኩ፣ የሜሞሪውና የሲፒዩው ቁጥሮች ሦስቱም ከተረጋጉ አዲስ ገዝታችሁ የምታገኙት ልዩነት ትንሽ ነው። እንደ እኛ የሂሳብ ሥራ ላይ ያላችሁ ደግሞ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው የግብር ወቅት ማሽን አትቀይሩ። የፒችትሪ ባክአፕ ወስዶ አዲሱ ላይ መመለስ፣ የድሮው ቨርዥን ዊንዶውስ 11 ላይ በትክክል መነሳቱን ማየት፣ ሪፖርቶቹን ጎን ለጎን ማመሳከር ቀናት ይፈልጋል። አሮጌው ማሽን ይህ ሁሉ ሳያልቅ አይሸጥም። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፉ ደብዳቤዎችም ፎንቱ አብሮ ካልሄደ አዲሱ ማሽን ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆነው ነው የሚወጡት፤ እህታችን ፎንቶቹን አስቀድማ ስለጫነች እኛ ይህ አልገጠመንም።

የገዛነው ቲንክፓድ ቲ480 ነው፣ አይ5-8350ዩ። ያገለገለ የምትገዙ ሰዎች ይህን ክፍል በጥሞና አንብቡ። ዊንዶውስ 10 ሲሰናበት የ6ኛና የ7ኛ ጀነሬሽን ማሽኖች በብዛት ወደ ገበያ ወጥተዋል፣ አምረው ተወልውለው ነው የሚቀርቡት። የሞዴሉን ስም አትመኑ፤ ላቲቱድ 7490ም ሆነ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 በ7ኛ ጀነሬሽንም ተሸጠዋል። የሲፒዩውን ቁጥር አንብቡ፦ 7300ዩ ሰባተኛ ነው፣ 8350ዩ ስምንተኛ፣ 10210ዩ አሥረኛ። 7300ዩ ባለ 2 ኮር፣ 8350ዩ ባለ 4 ኮር (ኮር ማለት በሲፒዩው ውስጥ ያለ ሠራተኛ ክፍል ነው) ስለሆነ ልዩነቱ የዊንዶውስ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ዊንዶውሱ በአዲስ ተጭኖ፣ ኢንተርኔት ተገናኝቶ ሲነሳ እዩት። የማታውቁት ድርጅት ስም አውጥቶ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ከጠየቃችሁ ማሽኑ አሁንም በዚያ ድርጅት ስም ተመዝግቧል፤ ሻጩ ያለ ኢንተርኔት ስለጫነው ብቻ ነው ያልታየው። ባዮስ ውስጥ ስትገቡ ፓስዎርድ ከጠየቀም ተዉት። ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣላችሁ ከሆነም ይህንኑ እዚያው ሳለ እንዲያይ ንገሩት፤ ክሮምቡክ (ዊንዶውስ የሌለው የጉግል ላፕቶፕ) እንዳይገዛም አደራ በሉት፣ ፒችትሪ አይጫንበትም።

ባትሪውን ሻጩ በሚናገረው ሰዓት አትለኩ። የዊንዶውስን የባትሪ ሪፖርት አስወጡና ሲመረት የነበረውን አቅም አሁን ሲሞላ ከሚይዘው ጋር አስተያዩ፤ ከ60 ፐርሰንት በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ቀንሱ። ቲ480 ላይ የውስጥና የውጭ ተብሎ ሁለት ባትሪ ስላለ ሁለቱንም ለየብቻ ማየት ነው። በዚሁ ሞዴል ላይ ሌላም የሚታወቅ ችግር አለ፦ የተንደርቦልት ፈርምዌሩ (የዩኤስቢ ሲ መሰኪያውን የሚያሠራው ውስጣዊ ሶፍትዌር) ሳይታደስ ከቆየ በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ ማድረጉ ሊቋረጥ ይችላል። ሌኖቮ ማስተካከያውን አውጥቷል፤ እህታችን ከመሸጧ በፊት አድሳው ነበር፣ እኛ ሳንጠይቃት።

የምርመራ ዋጋዋን አስቀድማ ትናገራለች፣ ዕቃ ብትገዙም ባትገዙም ያው ነው። ያወጣችውን አሮጌ ዕቃ በላስቲክ አድርጋ ከየትኛው ማሽን እንደወጣ ጽፋበት ትመልሳለች። የማዘርቦርድ ብየዳ አትሠራም፣ እንደማትሠራም በግልጽ ትናገራለች። ወረፋዋ ረጅም ነው፤ ቅዳሜ ከሄዳችሁ ማሽኑን ትታችሁ ለመመለስ ተዘጋጁ።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ እሷን አስፈቅደን እንልካለን። ስትሄዱ በየቀኑ የምትጠቀሙበትን ቻርጀር ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ የፋይሎቻችሁን ባክአፕ ቤት አስቀምጡ፣ የምትሠሩባቸውን ፕሮግራሞች ስም ከነቨርዥናቸው ጻፉላት። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እነዚህን ነው።