እርሳስ የሌለበት ፒዞ፦ ባሪየም ታይታኔት ወይስ ኬኤንኤን?

የመመረቂያ ፕሮጀክት ወቅት ሲደርስ አዳማ ያሉ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የሚጠይቁኝ ያው ነው፦ "እርሳስ የሌለበት ፒዞ ሴራሚክ የቱን ልግዛ?" ፒዞ ሴራሚክ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሴራሚክ ነው፤ እርሳስ የምለውም ብረቱን፣ ሊድን ነው። መልሴን ላስቀድም። ባሪየም ታይታኔት ግዙ።

እርሳስ መሸሻችሁ ልክ ነው። የተለመደው ፒዞ ሴራሚክ፣ ፒዜድቲ (ሊድ ዚርኮኔት ታይታኔት)፣ ከክብደቱ ከ60 በመቶ በላይ እርሳስ ነው፤ ስትቆርጡትና ስትሞርዱት ብናኙን ትተነፍሳላችሁ።

ሌላው እርሳስ አልባ ሴራሚክ፣ ኬኤንኤን (ፖታሲየም ሶዲየም ናዮቤት)፣ ላይ ግን ብራችሁን አታባክኑ። በውስጡ ያለው ናዮቢየም ውድ ነው። ዱቄት ገዝታችሁ ራሳችሁ ልትሠሩት ካሰባችሁ ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው። የፖታሲየሙና የሶዲየሙ ዱቄት እርጥበት ስለሚስብ ሚዛኑ ያሳስታችኋል። ምድጃ ውስጥ ደግሞ ከፊሉ ይተናል። ያ ሁሉ ብር ወጥቶበት ስንጥቅጥቅ ያለ ዲስክ ይወጣል፤ ከዚያ እንደገና ግዢ! ሻጮች የሚጠሩት 416 ፒኮኩሎምብ በኒውተን (በአንድ ኒውተን ግፊት የሚሰጠው ቻርጅ) በ2004 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ክሪስታሎቹን በአንድ አቅጣጫ በማሰለፍ የተገኘ ነው። ተራው ኬኤንኤን ከ100 ብዙም አያልፍም፤ ባሪየም ታይታኔት 190 አካባቢ ይሰጣል። ሦስተኛውን አማራጭ፣ ቢስመዝ ሶዲየም ታይታኔትንማ ተዉት፤ ፖል ለማድረግ (ፒዞ እንዲሆን በቮልቴጅ ለማሰለፍ) እንኳ በጣም ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈልጋል።

የባሪየም ታይታኔት ጠላት ሙቀት ነው። ኤሌክትሪክ የሚሰጠው በክሪስታሉ ውስጥ ያለው ታይታኒየም ከመሃል ትንሽ ፈቀቅ ስላለ ነው። 120 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ወደ መሃል ይመለሳል፤ ፒዞነቱም ይጠፋል። ኬኤንኤን እስከ 420 ድረስ ይችላል፣ እዚህ ላይ ይበልጣል። ስለዚህ ባሪየም ታይታኔትን በሶልደር አትበይዱት፤ ሽቦውን ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ የብር ሙጫ አጣብቁ። ቢሞትባችሁም አትጣሉት። ዘይት ውስጥ አሙቃችሁ፣ ለአንድ ሚሊሜትር ውፍረት ከ2 እስከ 3 ኪሎቮልት ሰጥታችሁ፣ ቮልቴጁን ሳታቋርጡ አቀዝቅዙት። ይመለሳል። ይህን መምህር ወይም የላብ ቴክኒሻን ሳይኖር አትሞክሩት፤ ይገድላል።

አሁን ስለ ማጭበርበሩ። አንድ ሱቅ "ሊድ ፍሪ" ብሎ በተራው ዲስክ ሦስት እጥፍ ዋጋ ለተማሪዎች ሸጠ። ስንፈትነው ፒዜድቲ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለው የሮኤችኤስ (በኤሌክትሮኒክስ ውስጥ አደገኛ ንጥረ ነገሮችን የሚገድበው የአውሮፓ ሕግ) ምልክት ምንም አያረጋግጥም፤ ሕጉ በሴራሚክ ውስጥ ላለ እርሳስ ልዩ ፈቃድ ሰጥቷል። ብዙ ጊዜ "ሊድ ፍሪ" የሚባለው ሶልደሩ ብቻ ነው።

ስለዚህ ደርዘኑን ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ብቻ ግዙ። ዘይት ውስጥ ቀስ እያላችሁ እስከ 140 ዲግሪ እያሞቃችሁ ካፓሲታንሱን (ቻርጅ የመያዝ አቅሙን) በመልቲሜትር ተከታተሉ። ባሪየም ታይታኔት ከሆነ 120 አካባቢ ሽቅብ ወጥቶ ይወርዳል። ሳይወርድ መጨመሩን ከቀጠለ ቀሪውን እዚያው ተዉላቸው።