ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ፌስቡክ ወይስ ሊንክዲን፦ ለፍሪላንሰር የትኛው እንጀራ ይሆናል?

ሥራዬ ግራፊክ ዲዛይን ነው። ሎጎና የምግብ ቤት ሜኑ እሠራለሁ፤ ከሁሉም የማበዛው ግን የቡናና የቅመማ ቅመም ማሸጊያ ነው። ቢሮም ቀጣሪም የለኝም። ስልኬ ላይ የማጠፋው ሰዓት በቀጥታ ከገቢዬ ላይ ይቀነሳል። ሥራውን ገና የጀመሩ ልጆች «ሶሻል ሚዲያ ያዋጣል ወይ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ የማውቃቸውን ልገምግም።

ከቴሌግራም ልጀምር፤ የኔ እንጀራ እሱ ነው። ቻናሌ ላይ የማወጣው ነገር ለተከታዮቼ በሙሉ ይደርሳል። ለማን ይታይ፣ ለማን ይቅር ብሎ መሃል የሚገባ አልጎሪዝም የለም። ደንበኛው የቆዩ ሥራዎቼን ወደ ላይ እየሄደ ያያል፣ ዋጋ ያያል፣ እዚያው ይጽፍልኛል። ዋጋዬን በግልጽ ነው የማስቀምጠው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚባለው ነገር የሁለታችንንም ሰዓት ይበላል። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል በነፃ ስለሚልክም ፍላሽ ይዤ ወደ ማተሚያ ቤት መሮጥ ቀርቶልኛል። ግን ዲዛይን የምትልኩ ሰዎች፣ በ«ፎቶ» ሳይሆን በ«ፋይል» ላኩ። በፎቶ ሲሄድ ጥራቱ ይወርዳል፤ ማሸጊያው ጀርባ ላይ ያለው ትንሹ ጽሑፍ ይደበዝዝና «ቡ» ከ«ቢ» አይለይም።

ባለፈው ዓመት የጅማ ቡና ቆልተው የሚሸጡ ሰው ጻፉልኝ። ሱፐርማርኬት ያዩትን ማሸጊያ ፎቶ አንስተው ልከው «እህቴ፣ ይሄን የሠራሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። የቻናሌን ሊንክ የሰጣቸው የቀድሞ ደንበኛዬ ነው። ሥራዎቼን አገላብጠው አይተው ስለመጡ ትችያለሽ ወይ የሚል ጥያቄ አልነበረም። በቀጥታ ወደ ከረጢቱ ገባን። አዲስ የተቆላ ቡና ጋዝ ስለሚያወጣ ከረጢቱ ላይ ትንሽ ክብ ቫልቭ ይገጠማል። እሳቸው ሎጎው መሃል ላይ እንዲሆን ፈለጉ፣ ቫልቩም እዚያው ነው። ሎጎውን ዝቅ አድርጌ ቫልቩን የቡና ፍሬ ሥዕል ውስጥ ከተትኩት። ወደዱት። ቀብዱን በቴሌብር ላኩ፤ በአካል እስካሁን አልተያየንም። እኔ ሶሻል ሚዲያ ያዋጣል የምለው በዚህ መልኩ ነው። ደንበኛን የሚያመጣው ሰው ነው፤ የመጣው ሰው አምኖ ቀብድ እንዲከፍል የሚያደርገው ግን ቻናሉ ነው።

የቴሌግራም ጉዳቱ ደግሞ ሱቁ አይዘጋም። እኩለ ሌሊት ላይ «አለሽ?» የሚል መልእክት ይገባል። እኔ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ አልመልስም፤ ይህንንም ቻናሉ ላይ ጽፌዋለሁ። ቅር ያለው ደንበኛ አላየሁም። ፖስቶቼንም ሰኞ ጠዋት አዘጋጅቼ በየቀናቸው እንዲወጡ ሰዓት እሞላላቸዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ስልክ ላይ መጣድ የለም።

ቲክቶክ ላይ የአማርኛ ፊደል ስስል የሚያሳዩ አጫጭር ቪዲዮዎች እለቃለሁ። ተመልካቹ ብዙ ነው፣ ኮመንቱም ደስ ይላል። አብዛኛው ግን «ስሜን ጻፊልኝ» ነው። አንዱን ቪዲዮ ቀርጾ፣ ቆራርጦ፣ ድምፅ አስገብቶ ለማውጣት ግማሽ ቀን ይሄዳል። በዚያ ሰዓት አንድ ሜኑ ያልቃል። በቪው ብዛት የሚከፍለው ፕሮግራሙም ኢትዮጵያን አያካትትም። ኬክ ለሚጋግር፣ ሜካፕ ለሚሠራ፣ ልብስ ለሚሰፋ ሰው ግን ከልቤ እመክራለሁ፤ የእነሱ ገዢ እዚያ ነው ያለው። ማሸጊያ የሚያሠራ ነጋዴ ግን እኔን ፍለጋ ቲክቶክ አይገባም።

ፌስቡክ ገጽ ካልተከፈለበት ለራስ ተከታይ እንኳን በቅጡ አይታይም። ቡስት ለማድረግ ደግሞ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ የሌለው ሰው ለአገናኝ ኮሚሽን ይጨምራል። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። ቡስቱም አብሮ ተሰቀለ። ለእኔ አላዋጣኝም፣ ተውኩት።

ሊንክዲን ላይ የሚጽፍልኝ ሰው ጥቂት ነው፤ የሚጽፈው ግን ሥራ ይዞ ነው። ድርጅቶች ሪፖርትና ብሮሸር የሚያሠሩት ከዚያ ፈልገው ነው። ክፍያቸው ይዘገያል እንጂ ጥሩ ነው። ደረሰኝ ስለሚጠይቁ ንግድ ፈቃድና ቲን ነምበር ሳይኖር እዚያ መድከም ዋጋ የለውም።

ሁሉንም የሚመለከት አንድ ነገር አለ። የካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ቆዩ። እኔ የተዘጋውን በሌላ አገር በኩል አዙሮ በሚያስገባ ቪፒኤን በሚባል አፕ ገባሁ። ብዙዎቹ ደንበኞቼ ግን ቪፒኤን ምን እንደሆነም አያውቁም ነበር። ሥራ ያልቆመብኝ ስልክ ቁጥራቸው ደብተሬ ላይ ስለነበረ ነው፤ እየደወልኩ ሥራውን በኢሜይል እልክላቸው ነበር። ዛሬም ማንም ሰው ቴሌግራም ላይ ሥራ ሲያናግረኝ ዋጋ ከመነጋገራችን በፊት ስልክ ቁጥሩን እቀበላለሁ።