የሽሮ ሜዳዋ መጽሐፍ ማከራያ፦ ሦስት ኮከብ ተኩል

ሽሮ ሜዳ፣ ከሐበሻ ልብስ ሱቆቹ ጀርባ አንዲት መጽሐፍ ማከራያ አለች። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። መጀመሪያ የገባሁት ዝናብ ለመጠለል ነበር። ዝም ብዬ ከምገተር ብዬ ባለቤቱን፣ «ልብ አንጠልጣይ ነገር አለዎት ጋሼ?» አልኳቸው።

በፕላስቲክ የተለበጠ መጽሐፍ አወጡና መተረክ ጀመሩ። ሰውየው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቤቱ ይገባል። መብራት ጠፍቷል። ሚስቱን ይጠራል፣ መልስ የለም። ሻማ ለኩሶ አልጋው ላይ ሲያይ... እዚህ ላይ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ያዙ።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያማ በቀን 20 ብር ነው፣ የኔ ልጅ።»

ከፈልኩ። መያዣው 200 ብር ነው፣ መታወቂያ አይቀበሉም። ይኸው ሰባት ወር ሆነኝ።

ለመጽሐፎቹ የራሴ መለኪያ አለኝ። ሥራዬ ስድስት ኪሎ ነው። ታክሲ ውስጥ እያነበብኩ «ወራጅ አለ» ማለት ረስቼ አራት ኪሎ ከደረስኩ፣ መጽሐፉ አለፈ ማለት ነው። እስካሁን ዳገቱን በእግሬ የተመለስኩት አራት ጊዜ ብቻ ነው።

ብዙዎቹ ያታልላሉ። ምዕራፉ ሊያልቅ ሲል በሩ በኃይል ይንኳኳል። ልቤ ድው ድው እያለ ገልጬ ሳይ፣ ቡና ልትጠራ የመጣች ጎረቤት ናት። አንዴ ይሁን። ስድስት ጊዜ እንዲህ ከተሸወድኩ በኋላ ግን ሰባተኛው ላይ እውነተኛው ገዳይ ቢመጣ ማን ይደነግጣል?

የማከራያዋ ትልቁ በሽታ ደግሞ ቀድመው ያነበቡ ሰዎች እርሳስ ነው። ባለፈው ወር በወሰድኩት መጽሐፍ፣ ገጽ 31 ኅዳግ ላይ አንዱ «ገዳዩ ታናሽ ወንድሙ ነው» ብሎ ጽፎበታል። እግዜር ይይለት! 20 ብሬ ተቃጠለ ብዬ ልመልሰው ነበር። የታክሲው ሰልፍ አላንቀሳቅስ ሲል ቀጠልኩ። ጉዱ የመጣው ያኔ ነው። ወንድምየው ለታላቁ ጠላ ሲቀዳለት እጄን አላበኝ። «ነገ ወንዝ እንውረድ» ሲለው፣ ሰልፉ መሀል «አትሂድ!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ባላውቅ ኖሮ እነዚያን ገጾች እንደ ተራ የቤተሰብ ወሬ አልፋቸው ነበር። በሩን ከሚያንኳኳው ደራሲ ይልቅ ያ ባለጌ እርሳስ ልቤን አንጠለጠለው።

ሳስበው «ፍቅር እስከ መቃብር»ም እንዲሁ ነው። በ1958 የታተመ መጽሐፍ ነው፣ መጨረሻውን ያልሰማ የለም፤ ርዕሱ ራሱ ይናገራል። በዛብህ በወላጆቹ ስለት የታሰረ መሆኑን እያወቅን ነው ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሲገባ የምናየው። ወየው ጉድህ እያልን። እናቴ የወጋየሁ ንጋቱን የሬዲዮ ትረካ ስንት ጊዜ እንደሰማችው እንጃ። ዛሬም ሲጀምር የምትለቅመውን ምስር ታቆማለች።

ወደ ማከራያዋ ልመለስ። አንድ ቀን ብዘገይ ቅጣት የለም፣ ይህን ወድጄዋለሁ። ምርጫው ግን ጠባብ ነው፤ አዲስ መጽሐፍ አትጠብቁ። ገጽ መጉደሉንም የሚያይ የለም። ተከራዮች፣ ከመክፈላችሁ በፊት መጨረሻውን ገልጣችሁ ቁጠሩ። አታንብቡ፣ ቁጠሩ ብቻ።

እኔ አልቆጠርኩም። አሁን እጄ ላይ ያለው የመጨረሻዎቹ ሁለት ቅጠሎች የሉትም። ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁና፣ «ልንገርሽ?» አሉኝ። ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ። ሌላው ቅጂ ደንበኛ ጋ ነው፣ ማክሰኞ ይመለሳል አሉ።

ማክሰኞ ሄድኩ። ዝግ ነው።