ሎር ኦሊምፐስ፦ እኔ እንኳን የሚንቲ ጠበቃ ነኝ

የሬቸል ስማይዝ ሎር ኦሊምፐስ እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2024 ዌብቱን በሚባለው የኢንተርኔት ኮሚክ መድረክ ላይ በተከታታይ የወጣ፣ በሥዕል የሚተረክ ልብ ወለድ ነው። የግሪክ አፈ ታሪክ አማልክት የሆኑትን ሄዲስና ፐርሴፎኒ ስልክና መኪና ይዘው እንዲፋቀሩ አድርጋቸዋለች። አንባቢው የሚፋጀው ግን በጠባቸው ነው።

በተለይ በሚንቲ። ቀይዋ፣ የሄዲስ የድሮ ፍቅረኛ። ገና መጀመሪያ ላይ ግብዣ አብራው ልትሄድ ተቀጣጥራ ታስቀረዋለች፣ ቆይታ ደግሞ በጥፊ ታጮለዋለች፣ ግማሹ አንባቢም እዚያው ፋይሏን ዘጋ። ይገባኛል፣ ጥፊ ጥፊ ነው። ሰውዬውስ? አለቃዋ ነው እኮ! ከእሷ ጋር በቅጡ ሳይለያይ ልቡ ወደ ፐርሴፎኒ ሸፈተ፤ ይሄን ሲያነሱበት ደጋፊዎቹ "ብቸኛ ነበር፣ ተጎድቷል" ብለው ያልፉታል። እሷስ አልተጎዳችም?

ፐርሴፎኒ ደግሞ 19 ዓመቷ ነው፣ እሱ ከ2,000 በላይ። "አማልክት ናቸው፣ ዕድሜ አይቆጠርም" ይባላል። እሺ ይሁን። ለእኔ አልዋጥ ያለኝ እሱ መሥሪያ ቤት ለልምምድ መግባቷ ነው።

ሥዕሉ ግን አንጀት ያርሳል። ሰማያዊው ሄዲስና ሮዟ ፐርሴፎኒ ጎን ለጎን ሲቆሙ ቀለሙ ብቻ ሁሉን ይናገራል። ለኮሚኮች የሚሰጠውን ትልቁን የአይዝነር ሽልማት መውሰዱ አይገርምም።

ወደ መጨረሻው ታሪኩ ይሮጣል፣ ስንት ያከራከረ ጠብ በችኮላ ይታለፋል፤ እዚያ ላይ ተናድጃለሁ። ቢያንስ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቡት። አፖሎ የሚባለው አምላክ ያለበት ክፍል ላይ ጾታዊ ጥቃት ስላለ ቀድማችሁ እወቁት።