ለጋሼ ምስጋና፤ በፋልዝ ጫካና በወይን መንደሮቹ ሳይክል ለምትነዱ ደግሞ ጥቆማ

ይህን የምንጽፈው በፍራንክፈርት፣ በማይንዝና በማንሃይም አካባቢ የመንገድ ሳይክል የምንነዳ ሐበሾች ነን። ምስጋናው ኖይሽታት አን ደር ቫይንሽትራሰ አጠገብ በጠባብ ጋራዥ ሳይክል ለሚጠግኑልን፣ መንገድም ለሚመርጡልን አባት ነው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስለማይወዱ እዚህም እንደ ወትሮው ጋሼ እንላቸዋለን። እጅዎ ይባረክ ብለን መተው እንችል ነበር። ነገር ግን ሥራቸውን ያላወቀ ሰው ጥቆማችን አይጠቅመውምና ዘርዘር እናድርገው።

አገሩን ለማታውቁ፦ የፋልዝ ጫካ በቀይ አሸዋማ ድንጋይ ላይ የበቀለ፣ 1,800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ደን ነው። በምሥራቅ በኩል ድንገት ያልቅና ቁልቁል ወደ ራይን ሜዳ ይወርዳል። ከግርጌው ጀምሮ ዓይን እስኪደክም ወይን ነው፤ ከ23,000 ሄክታር ይበልጣል። መንደሮቹን የሚያያይዘው የጀርመን የወይን መንገድ በ1935 የተከፈተ ሲሆን ከፈረንሳይ ድንበር ከሽቫይገን እስከ ቦክንሃይም 85 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የጫካው ከፍተኛ ቦታ ካልሚት ከ672 ሜትር እምብዛም አያልፍም። እንጦጦን ለሚያውቅ ሰው ይህን ተራራ ማለት ያስቃል። ሰውን የሚጨርሰው ግን ከፍታው ሳይሆን ድግግሞሹ ነው፤ አንዱን ዳገት ወጥታችሁ ሳታርፉ ቁልቁለት፣ ቁልቁለቱን ሳታጣጥሙ ሌላ ዳገት። በ80 ኪሎ ሜትር ውስጥ 1,200 ሜትር መውጣት እዚህ ተራ ነገር ነው። በማይን ወንዝ ዳር ሜዳ ለሜዳ ሲሄድ እንከን ያልነበረው ሳይክል እዚህ ሲመጣ ጉዱ የሚወጣው ለዚህ ነው። የጋሼም ሙያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ሳይክል ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚያዩት ጎማውን ወይም ፍሬኑን አይደለም። ከኋላ ቆመው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የኋላውን ማርሽ ቀያሪ ከቸርኬው ጋር ያስተያያሉ። ምክንያታቸው ባቡር ነው። አብዛኞቻችን ማንሃይም ላይ ቀይረን ኤስ ባን በሚባለው የአካባቢ ባቡር ኖይሽታት እንወርዳለን። ፉርጎው ውስጥ ሳይክሎች አንዱ በሌላው ላይ ይደገፉና የጎረቤት ፔዳል ማርሽ ቀያሪውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። እሱን ከሳይክሉ አካል ጋር የሚያያይዘው ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ ሆን ተብሎ ደካማ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ውድ የሆነው አካል ከሚሰበር እሱ ይጣመማል። ሜዳ ላይ ትንሽ ቢንኳኳ እንጂ ሌላ ምልክት አይሰጥም። ዳገት መጥቶ ወደ ትልቁ ጥርስ ስትቀይሩ ግን ማርሽ ቀያሪው የቸርኬው ሽቦዎች መሀል ይገባል። ከዚያ በኋላ በእግር ነው። ጋሼ ቁራጩን በመለኪያ ያቃኑትና ካቴናው ከትልቁ ጥርስ አልፎ እንዳይወድቅ የምትገድበውን፣ ኤል የተጻፈባትን ብሎን ያስተካክላሉ። ቁራጩ እንደ ሳይክሉ ሞዴል ስለሚለያይ መንገድ ላይ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ ትርፍ ገዝታችሁ በኮርቻ ሥር ቦርሳ ያዙ። ባቡር ላይ ደግሞ ካቴናውን ትልቁ ጥርስ ላይ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ማርሽ ቀያሪው ወደ ውስጥ ስለሚሰበሰብ የመመታት ዕድሉ ይቀንሳል።

ቀጥለው ጥርስ ይቆጥራሉ። ፊት 34 ኋላ 28 ይዞ የመጣ ሰው በደቂቃ 70 ዙር ለመርገጥ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ገደማ መሄድ አለበት። 10 በመቶ ዳገት ላይ ይህ ለብዙ ሰው አይቻልም። ስለዚህ እየታገለ በ45 ዙር ይረግጣል፤ ጉልበቱም፣ ጉልበት መገጣጠሚያውም ያልቃል። ኋላ 34 ሲሆን ያው 70 ዙር በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ይገኛል። ታዲያ ካሴቱን፣ ማለትም የኋላውን የጥርስ ስብስብ፣ ብቻ ቀይሮ መሄድ አደጋ አለው። ለምሳሌ ሺማኖ 105፣ አር 7000 በሚባለው የማርሽ ዕቃ ላይ፣ ባለ አጭር ክንዱ ማርሽ ቀያሪ እስከ 30 ጥርስ ነው የሚችለው፤ 34 ለማሰር ባለ ረጅሙ ያስፈልጋል። ካቴናውም አብሮ መርዘም አለበት። በአሮጌው ርዝመት ከታሰረ፣ ፊትም ኋላም ትልቁ ላይ ሲሆን ተወጥሮ ማርሽ ቀያሪውን ይነቅለዋል። ባለ 11 ማርሽ ካቴና በመለኪያ 0.5 በመቶ ከረዘመ ጋሼ ያወጡታል፤ ከዚያ ያለፈ ካቴና ካሴቱንም እየበላ ስለሚሄድ ወጪው እጥፍ ይሆናል። አሮጌው የሚቆይ ከሆነ ግን ይቆያል ይሉና አዲስ አይሸጡላችሁም። በዚህ የታወቁ ናቸው።

ፍሬን ላይ አይቀልዱም። የዲስክ ፍሬን ሸራ ውፍረቱ ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከተጠጋ አይመልሱትም፣ ይቀይሩታል። አዲሱን ሸራ ሳያሟሹ ደግሞ ወደ ጫካ አይልኳችሁም፤ ሜዳ ላይ በሰዓት ወደ 25 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ፣ ጎማው ሳይቆለፍ ወደ እርምጃ ፍጥነት መቀነስ፣ ይህንኑ ከ10 እስከ 20 ጊዜ መደጋገም። ይህን የዘለለ ሰው ፍሬኑ ይጮህበታል፣ መያዝ ባለበት ሰዓትም አይዝለትም። የካቴና ዘይት በስፕሬይ የምትረጩ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። ጠብታው ዲስኩ ላይ ካረፈ ሸራው ይጠጣዋል፤ ያን ጊዜ ማጠብ ብዙም አይረዳም።

ጎማ ባለ 28 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የንፋስ ግፊቱ ኋላ 5 ባር፣ ፊት ትንሽ ዝቅ ያለ ይበቃል። 7 እና 8 ባር የለመዳችሁ ይከብዳችሁ ይሆናል፤ ነገር ግን ዝናብ ባጠበው ቁጥር ቀዩ ድንጋይ አሸዋ ሆኖ ኩርባ ላይ ይሰፍራል፣ ጠንካራ ጎማም እዚያ ላይ ይንሸራተታል። ሁለት ካላማዳሪያ ያዙ። በወይኑ መሀል ባሉት የእርሻ መንገዶች የተቆረጠ ሐረግ፣ አንዳንዴም የማሰሪያ ሽቦ ቁራጭ አይጠፋም። ቸርኬያችሁ ጥልቅ ከሆነ የካላማዳሪያው ቫልቭ 60 ሚሊ ሜትር መሆኑን እቤት ሳላችሁ አረጋግጡ፤ አጭሩ በፓምፕ አይያዝም።

መንገዱን የሚመርጡት እግራችሁን አይተው ነው። ለጀማሪ ከኖይሽታት ወደ ምዕራብ፣ ላምብሬኽትና ፍራንክኔክ፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ የኤልምሽታይን ሸለቆ ነው። እስከ ላምብሬኽት በሳይክል መንገዱ ሂዱ፤ ቤ 39 የሚባለው አውራ ጎዳና ከባድ መኪና ይበዛበታል። ከላምብሬኽት ኤልምሽታይን 13 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የድሮው የእንፋሎት ባቡር ሐዲድም በዚያው ሸለቆ ያልፋል። ዳገቱ ልስልስ ያለ ነው፤ ጥላም አለው፣ ኦገስት ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከኤልምሽታይን በኋላ ዮሐኒስክሮይትስ ድረስ ከፍ ይላል፣ 470 ሜትር አካባቢ። እዚያ ሞተረኞች ስለሚሰበሰቡ ቅዳሜና እሑድ በጠዋት ደርሳችሁ ብትመለሱ ይሻላል።

እግሩ ለጠነከረ ካልሚት። ከማይካመር 490 ሜትር ያህል ትወጣላችሁ፣ አማካዩ 6 በመቶ አካባቢ ነው። በነገራችን ላይ የአገሩ ሰዎች በዚህ ዳገት የታጣፊ ሳይክል ውድድር ያደርጉበት ነበር፤ ስለዚህ ማርሽ አነሰኝ ብሎ ለጋሼ ማማረር ትርፉ መሳቂያ መሆን ነው። ሁለቱን ማያያዝ ለሚፈልግ ከኤልምሽታይን ሸለቆ በቶተንኮፍ መንገድ ወጥቶ ወደ ሳንክት ማርቲን መውረድ አለ። የእኛ ምርጫ ይህ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ይዛችሁ አትንሸራተቱ፤ ኩርባው ሳይደርስ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ከዚያ ታጠፉ። ሁልጊዜ የተያዘ ፍሬን ይግላል። ኦክቶበር ላይ በጫካው ጠርዝ የሚበላው የካስታኒየ ፍሬ ከነእሾሃማ ቅርፊቱ መንገድ ላይ ይረግፋል፤ ከእርጥብ ቅጠል ጋር ሲሆን እንደ ሳሙና ነው።

ስልክ ላይ ባለ ካርታ ብቻ አትመኑ። የጫካ ሥራ መንገዶች ካርታው ላይ ከአስፋልት ስለማይለዩ ቀጭን ጎማ ይዛችሁ አሸዋ ውስጥ ይከቷችኋል፤ ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ኔትወርክ ይጠፋል። ጋሼ የሚሰጡት የጂፒኤክስ ፋይል (ስልክ ላይ የሚጫን የመንገድ መስመር) አስፋልት ለአስፋልት የተፈተሸ ነው፤ እቤት ሳላችሁ ጫኑት። በመከር ጊዜ የእርሻ መንገዱ የትራክተር ነው፤ ቅድሚያውም የእነሱ ነው፣ ጭቃውም ከእነሱ ነው። በማርች ጊመልዲንገን ላይ የአልመንድ ዛፍ አብቦ ስታዩ አትታለሉ፤ ላይ ካልሚት ገና ክረምት ነው፣ ለመውረጃ የንፋስ ጃኬት ያዙ።

ምግቡን በተመለከተ፣ በ1902 የተመሠረተው የፋልዝ ጫካ ማኅበር በየጫካው የእንግዳ ቤቶች አሉት፤ ብዙዎቹ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ስለሚከፍቱ አስቀድማችሁ እዩ፣ ጥሬ ገንዘብም ያዙ። የአገሩ ዋና ምግብ ዛውማገን በአሳማ ሆድ ዕቃ የሚሠራ ነው፤ የሽንኩርት ኬኩም ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋና ክሬም አለበት። ጾመኛም ሆነ ሙስሊም ዳቦውንና ቆሎውን ይዞ ይውጣ። የየመንደሩ ምንጭ ላይ "የማይጠጣ ውሃ" የሚል ጽሑፍ ካለ አትቅዱ። ወይን በውሃ የቀላቀሉት ሾርለ በግማሽ ሊትር ብርጭቆ ነው የሚቀርበው። በጀርመን ሕግ በደሙ ያለው አልኮል 1.6 ፕሮሚል (ከሺህ 1.6) የደረሰ ሳይክለኛ ይከሰሳል፤ እየተወላገደ ከነዳ ወይም አደጋ ካደረሰ ደግሞ ከ0.3 ጀምሮ። ባቡር ጣቢያ እስክትደርሱ ቢቆይስ?

ዳገት የማይፈልግ ቤተሰብ ያላችሁ በኦገስት የመጨረሻ እሑድ ኑ፤ የወይን መንገዱ ለመኪና ይዘጋና ለእግረኛና ለሳይክል ይሆናል። ፍልሰታ ኦገስት 22 ስለሚፈታ ቀኑ ሁልጊዜ ከጾሙ በኋላ ነው።

ጋሼን ለማግኘት በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ስልካቸውን የምንሰጠው አስፈቅደን ነው። ስልክ ቶሎ አያነሱም፤ መልእክት ተዉላቸው፣ ማታ ይደውላሉ። ዋጋውን ሥራውን ሳይጀምሩ ይነግሯችኋል። የሳይክሉን ሞዴል፣ የጥርሱን ቁጥርና የእናንተን ክብደት ጽፋችሁ ላኩ፤ ዕቃ ማዘዝ ካለባቸው ሳምንት ይፈልጋሉ። በሥራ ቀን የምትመጡ ደግሞ በራይንላንድ-ፋልዝ የክልል ባቡር ሳይክል በነፃ የሚጫነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት (በጀርመን 9፡00) በኋላ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ቀኑን ሙሉ። ሳይክሉን አጥባችሁ አምጡ። ቆሻሻ ካቴና ሲያዩ የሚናገሩትን እዚህ አንጽፈውም።